የተላከ ሁሉ ደርሷልን?
በሞደም ፋይል ስንልክ የሚያጋጥም መቋረጥ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

መግቢያ

በየገጠሩ ጣቢያ የተመደብን የፕሮጀክት ባለሙያዎች ሩብ ዓመት ባለቀ ቁጥር አንድ የጋራ ጭንቀት አለብን፤ ይኸውም ሪፖርቱን፣ የሒሳብ መግለጫውንና የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በሞደም አማካይነት በስልክ መስመር ወደ ዋናው ጽሕፈት ቤት ማድረስ ነው። ፋይሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቋረጣል፤ እንደገና ስንደውል መስመሩ ተይዞ እናገኘዋለን፤ ስንሞክር ውለን ሳይሳካልን ይመሻል። ብዙዎቻችንም ምክንያቱን ሳንመረምር «መስመሩ እምቢ አለ» ብለን እናልፈዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመቋረጡን ምክንያቶች በየዓይነታቸው ለይቶ ማሳየትና በእጃችን ባለው መሣሪያ ልናደርግ የምንችለውን ማመልከት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ትምህርቱ የተገኘበትን ስሕተት መናገር ይገባኛል፤ ስሕተቱ የራሴ ነውና።

በፍስሐ ገነት የሆነው

በፍስሐ ገነት ጣቢያችን ኮምፒውተር እንጂ ሞደም የምናገናኝበት የስልክ መስመር የለንም። ስለዚህ የተዘጋጀውን ጽሑፍ በዲስኬት ገልብጠን በይርጋ ጨፌና በወናጎ በኩል በአውቶቡስ ወደ ዲላ እንወርዳለን፤ ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 360 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ፋይሉ በስልክ መስመር ይጓዛል። ባለፈው የተከላ ወቅት የቡና ችግኝ የሚታደላቸውን አባወራዎችና እማወራዎች ስም በየቀበሌያቸው መዝግበን፣ በተራ የጽሑፍ ፋይል አዘጋጅቼ ከዲላ ላክሁ። በመካከሉ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልሁና በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ስመለከት የፋይሉን ስም አገኘሁት። «ተመስገን፣ ደርሷል» ብዬ ሞደሙን አጠፋሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝም ቸኩዬ ወጣሁ።

የደረሰው ግን የፋይሉ ስምና ከአካሉ ከፊሉ ብቻ ነበር። ተራ የጽሑፍ ፋይል ከመካከሉ ቢቆረጥም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይከፈታል። ስለሆነም የተቀበለው ባልደረባ ዝርዝሩ ሙሉ መስሎት አተመው፤ ችግኙም በዚያው ልክ ተመደበ። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የነበረው ከሁሉ የራቀው ቀበሌ ነው። በዕደላው ቀን የዚያ ቀበሌ ሰዎች ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ፍስሐ ገነት ደረሱ፤ ስም ሲጠራ ውሎ የእነርሱ ሳይጠራ አበቃ። ከመካከላቸው አንድ አረጋዊ አባት ቀርበው፣ «ልጄ፣ ደጃችን ድረስ መጥተህ የጻፍኸን አንተው ነህ፤ ስማችን በየት መንገድ ላይ ወደቀ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በእጅ የተጻፈው መዝገብ በጣቢያው ስለነበረ ስማቸው ተገኘ፤ ችግኙ ተጨምሮ እስኪመጣ ግን የተከላው ዝናብ ሳስቶ ነበር።

ከዚህ የተማርሁት ይህን ነው። ጨርሶ ያልደረሰ ፋይል ራሱን ያጋልጣል፤ ላኪውም ተቀባዩም ያውቁታል። ጎድሎ የደረሰ ፋይል ግን ሙሉ መስሎ ይሠራበታል። ስለዚህ መቋረጥን መከላከል አንድ ሥራ ነው፤ በሙሉ መድረሱን ማረጋገጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱንም በተራ እንመልከት።

ሞደም ምን ይሠራል?

የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ግን 0ንና 1ን ብቻ ነው። ሞደም በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ሆኖ የኮምፒውተሩን ምልክት ወደ ድምፅ፣ ከወዲያ የመጣውንም ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ምልክት ይለውጣል። ስንደውል መጀመሪያ የምንሰማው ጩኸት ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን ፈትነው በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ የሚስማሙበት ነው። መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ከፍ ባለ ፍጥነት፣ ከተረበሸ ደግሞ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይስማማሉ።

በሞደሙ ካርቶን ላይ 56,000 ተብሎ የሚጻፈው በሴኮንድ የሚተላለፈው የቢት ብዛት ነው፤ ይህም ወደ እኛ ለሚመጣው እንጂ ከእኛ ለሚሄደው አይደለም። ከእኛ የሚሄደው በብዙዎቹ ሞደሞች ቢበዛ 33,600 ቢት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሴኮንድ 4,200 ባይት ያህል ይሆናል። በተጨማሪም ፋይል ከኢሜይል ጋር ተያይዞ ሲላክ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ወደ አራት ፊደል ስለሚለወጥ መጠኑ በሲሶ ይጨምራል።

በዚህ ስሌት አንድ ሙሉ ዲስኬት፣ ማለትም 1.44 ሜጋባይት፣ በኢሜይል ሲላክ መስመሩ እጅግ ንጹሕ ቢሆን 8 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፍጥነቱ ወደ 14,400 ከወረደ 18 ደቂቃ፣ ወደ 9,600 ከወረደ ደግሞ 27 ደቂቃ ይፈጃል። መስመሩ በየሩብ ሰዓቱ የሚቋረጥ ከሆነ 18 ደቂቃ የሚፈልግ ፋይል ቀኑን ሙሉ ቢሞከርም አይደርስም። እንግዲህ ከመላካችን በፊት ሒሳቡን ብንሠራ ከብዙ ድካም እንድናለን።

የት ላይ ተቋረጠ?

ሐኪም በሽተኛውን «የት ላይ ያምሃል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የፋይል መቋረጥን የሚመረምር ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ላይ ተቋረጠ?» ብሎ ነው። ለዚህም ከሞደሙ አጠገብ አንድ ደብተር ማኖር ያስፈልጋል። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የፋይሉ መጠን፣ የተያዘው ፍጥነት፣ የተቋረጠበት ደቂቃና እስከዚያ የሄደው መጠን ይመዘገባል። ጥቂት ሙከራዎች ከተመዘገቡ በኋላ ምክንያቱ ከሦስቱ በአንዱ መንገድ ራሱን ይገልጣል።

ፋይሉ አንድ ጊዜ እዚህ፣ ሌላ ጊዜ እዚያ የሚቋረጥ ከሆነ ጥፋቱ የሚፈለገው ከመስመሩ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ደቂቃ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ በአንደኛው ወገን የጊዜ ገደብ አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ በአንድ መጠን ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ወይ የመልእክት ሳጥኑ የመጠን ገደብ አለበት፣ ወይም ሞደሙና ኮምፒውተሩ በትክክል አልተስተካከሉም።

ሌላው ቀላል ፈተና 10 ኪሎባይት የማይሞላ ትንሽ ፋይል መላክ ነው። ትንሹ ካለፈና ትልቁ ከቀረ የይለፍ ቃሉም፣ አድራሻውም፣ ሞደሙም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ጊዜና መጠን ነው። ትንሹም ካላለፈ ግን ትልቁን ደጋግሞ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ መለወጥ አይገባም። ሞደሙንም፣ ሽቦውንም፣ ሰዓቱንም በአንድ ላይ ለውጠን ቢሳካልን የትኛው እንዳዳነን አናውቅም።

አራቱ የችግር ዓይነቶች

ሀ. ጨርሶ የማይገናኝ፦ ሞደሙ «የመደወያ ድምፅ የለም» የሚል መልእክት ከሰጠ በመጀመሪያ መደበኛ ስልክ በዚያው ሽቦ ላይ ሰክቶ ማዳመጥ ነው። ስልኩ ድምፅ ካለው የሞደሙ ሽቦ በትክክለኛው ቀዳዳ መሰካቱን እንይ፤ ሞደሞች አንዱ ለመስመር፣ ሌላው ለስልክ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸውና። መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ካለው የውጭ መስመር ማግኛው ቁጥር ከስልኩ ቁጥር በፊት ይጻፋል፤ ከእርሱም ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝኛ ኮማ ብናኖር ሞደሙ ሁለት ሴኮንድ ያህል ይታገሣል። ዲጂታል በሆነ የውስጥ ስልክ መስመር ላይ ግን ሞደም መሰካት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

ለ. ተገናኝቶ በመካከል የሚቋረጥ፦ ይህ የብዙዎቻችን ችግር ነው። የመጀመሪያው ምክንያት በቢሮው ውስጥ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ስልክ ካለና አንድ ሰው ሳያውቅ ቢያነሣው ግንኙነቱ ይበጠሳል። በዲላ ቢሯችን «ሞደም እየሠራ ነው፤ ስልክ አታንሡ» የሚል ወረቀት በሌላው ስልክ ላይ ከለጠፍን ወዲህ ብዙ ዕረፍት አግኝተናል። የጥሪ መጠበቂያ አገልግሎት ያለበት መስመር ከሆነም በመካከል የሚገባው ምልክት ስለሚያቋርጠው አገልግሎቱን ማስቆም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሽቦው ነው። በክረምት ርጥበት የገባበት ወይም የዛገ መጋጠሚያ ይንጫጫል። ስልኩን አንሥተን አንድ ቁጥር ከተጫንን በኋላ ጸጥ ብለን ብናዳምጥ የመንሾካሾክ ወይም የመንጠቅ ድምፅ ይሰማል። ከግድግዳው እስከ ሞደሙ ያለውን ሽቦ አሳጥሮ በአዲስ መለወጥ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድም አርቆ መዘርጋት በእጃችን ያለ መፍትሔ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ግን የስልክ ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ያን ጊዜ ደብተራችን ምስክር ይሆነናል። በተረበሸ መስመር ላይ ደግሞ ከፍተኛውን ፍጥነት መፈለግ አይጠቅምም። በሞደሙ ማስተካከያ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መወሰን ግንኙነቱን ያጸናዋል፤ በ14,400 ሳይቋረጥ የሚሄድ በ33,600 እየተቋረጠ ከሚሄድ ይቀድማልና። ነጎድጓድ በሚሰማበት ጊዜ ግን ሞደሙን ከስልኩም ከኤሌክትሪኩም መንቀል ግዴታ ነው።

ሐ. ሳይቋረጥ ደርቆ የሚቆም፦ ግንኙነቱ አለ፤ ፋይሉ ግን አይንቀሳቀስም። በተለይ ያለ ኢንተርኔት ከሞደም ወደ ሞደም በቀጥታ ስንልክ ይህ ያጋጥማል። ኮምፒውተሩና ሞደሙ «ቆይ» እና «ቀጥል» የሚባባሉበት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በሽቦው በተለየ መስመር የሚሠራው የሃርድዌር መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፋይሉ ጉዞ መካከል ቁጥር 19ን ለ«ቆይ»፣ ቁጥር 17ን ለ«ቀጥል» የሚጠቀመው የሶፍትዌር መንገድ ነው። በተራ ጽሑፍ ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች አይገኙም፤ በታመቀ ፋይልና በፎቶግራፍ ውስጥ ግን ሞልተዋል። ስለዚህ ጽሑፍ እያለፈ ዚፕ ፋይል የሚደርቅ ከሆነ በማስተካከያው ላይ የሃርድዌሩን መንገድ መምረጥ ነው።

መ. ደርሶ የተበላሸ፦ በኤፍ ቲ ፒ በምንልክበት ጊዜ «አስኪ» እና «ባይነሪ» የሚባሉ ሁለት አላላኮች አሉ። አስኪ ለተራ ጽሑፍ ብቻ የተሠራና የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን የሚለውጥ ስለሆነ፣ የወርድና የኤክሴል ሰነድ፣ ዚፕና ፎቶግራፍ በእርሱ ቢላክ ይበላሻል። እነዚህ ሁሉ በባይነሪ መላክ አለባቸው።

የእኛ ፊደል የተለየ ጥንቃቄ

ለአማርኛ ጸሐፊዎች ከዚህ ሌላ አንድ ችግር አለብን። በየቢሮው እንጠቀምባቸው የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቆዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል በተመደቡት 256 ቦታዎች ላይ ነው። ፊደላችን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎች፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመሩ ቦታው ስለማይበቃ እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ዘዴ አብቃቅቶታል። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ይህ ፋይሉ በመንገድ ስለተበላሸ አይደለም፤ ደግሞ በመላክም አይድንም። መፍትሔው ላኪና ተቀባይ አንድ ዓይነት የፊደል ፕሮግራም መያዝና የፕሮግራሙን ስም በመልእክቱ ላይ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው።

ይሁን እንጂ በእውነት በመንገድ የሚበላሽም አለ። አንዳንድ የቆዩ የኢሜይል አስተላላፊዎች ከስምንቱ ቢት ሰባቱን ብቻ ስለሚያሳልፉ በመልእክቱ ገጽ ላይ በቀጥታ የተጻፈ አማርኛ ይፈርሳል። ስለዚህ አማርኛውን በሰነድ ጽፎ ከኢሜይሉ ጋር ማያያዝ ይበልጣል። ፊደላችን በፈረንጆች 1999 በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቋሚ ቦታ አግኝቷል፤ ላኪና ተቀባይ ሁለቱም በዩኒኮድ ሲጽፉ የፕሮግራሞቹ አለመግባባት ይቀራል።

ከመደወል በፊት የሚሠራ ሥራ

በአገራችን ኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። የፊዶኔት አሠራር መልእክቶችን አጠራቅሞ፣ በተወሰነ ሰዓት ደውሎ፣ ያለውን አስረክቦና የመጣውን ተረክቦ ስልኩን መዝጋት ነው። ከዚህ አሠራር የምንወስደው ትምህርት አለ፤ ይኸውም ሁሉን አስቀድሞ አሰናድቶ፣ መስመሩን ለመላክ ብቻ መያዝ ነው። ተገናኝቶ ሳለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ገንዘቡንም የመስመሩንም ዕድሜ ያባክናል። መላኪያው ሰዓትም የቢሮ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን መስመሩን የሚሻማው ይቀንሳል።

ፋይሉንም ማቅለል ይገባል። ርዝመቱ 640፣ ወርዱ 480 ነጥብ የሆነ አንድ ባለቀለም ፎቶግራፍ ቢትማፕ ሆኖ ሲቀመጥ 921,600 ባይት ይይዛል፤ ይኸው ፎቶግራፍ ወደ ጄፔግ ቢለወጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የምንጩን ጉልበታና የችግኝ ጣቢያውን ለማሳየት ሁለት ፎቶግራፍ በቂ ከሆነ ዐሥር መላክ አያስፈልግም። ትልቅ ሰነድ ካለም በዚፕ አምቆ፣ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎባይት በማይበልጥ ክፍል ከፋፍሎ መላክ ነው። ያን ጊዜ መስመሩ ቢቋረጥ የሚደገመው የቀረው ክፍል ብቻ ይሆናል። የኤፍ ቲ ፒ ፕሮግራሙ ከተቋረጠበት መቀጠል የሚችል ከሆነም ይህን ማብራት ይገባል።

መድረሱን ማረጋገጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1977 እ.ኤ.አ. ዋርድ ክሪስቴንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ኤክስሞደም የተባለ የፋይል አላላክ ዘዴ ፋይሉን በ128 ባይት እየቆረሰ ይልካል። ተቀባዩ እያንዳንዱን ቁራሽ በማረጋገጫ ቁጥሩ መርምሮ «ደርሶኛል» ወይም «ድገመው» ብሎ ይመልሳል፤ «ደርሶኛል» ሳይባል ላኪው ወደ ቀጣዩ አያልፍም። በ1986 እ.ኤ.አ. የመጣው ዜድሞደም ደግሞ ከተቋረጠበት ቦታ መቀጠል ይችላል። እኔ ግን መኪናው ለ128 ባይት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለአንድ ቀበሌ ሕዝብ ስም አላደረግሁም።

ዛሬ ያሉት ሞደሞች በመካከላቸው ስሕተት የማረም ችሎታ አላቸው። ሆኖም የሚያረጋግጡት ከአንዱ ሞደም እስከ ሌላው የተላለፈውን ብቻ ነው፤ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ያልተላለፈውን አያውቁትም። የፋይሉን ሙሉነት ማረጋገጥ የላኪና የተቀባይ ሰዎች ድርሻ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ የብራና ሥራችን ጸሐፊው ጽፎ ስለ ጨረሰ ብቻ መጽሐፉ አለቀ አይባልም፤ ከቅጂው ምንጭ ጋር ተነጻጽሮ ይነበባል፤ የተዘለለው በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ይጨመራል፤ የተሳሳተውም ተፍቆ ይታረማል። ፋይልም እንዲሁ ከምንጩ ጋር መነጻጸር አለበት።

ለዚህም ሦስት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛ፣ ማንኛውንም ዝርዝር ትንሽም ቢሆን ዚፕ አድርጎ መላክ ነው። የዚፕ ማውጫ የሚገኘው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጎድሎ ቢደርስ አይከፈትም፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ ሰነድ የማረጋገጫ ቁጥር አለው። ጎድሎ እንደ ሙሉ ከሚከፈት «አልከፈትም» የሚል ፋይል ታማኝ ነው። ሁለተኛ፣ የፋይሉን መጠን በባይት በስልክ ወይም በሌላ መልእክት አስታውቆ ከደረሰው ጋር ማስተያየት ነው። ሦስተኛ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ የስሞቹን ጠቅላላ ብዛትና «ዝርዝሩ እዚህ አበቃ» የሚል ቃል መጻፍ ነው። ይህ መስመር የሌለበትን ዝርዝር ተቀባዩ እንዳይሠራበት መስማማት ይገባል።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወሻ

1. ሰነዱን ቀድመህ ጨርስ፤ አቅልል፤ ዚፕ አድርግ፤ ዋናውን ቅጂ አትደምስስ።
2. የሚወስደውን ጊዜ አስላ፤ ከብዙ ደቂቃ በላይ ከሆነ ከፋፍል።
3. ሌሎቹ ስልኮች እንዳይነሡ አስታውቅ።
4. በመጀመሪያ ትንሽ ፋይል ልከህ መስመሩን ፈትን።
5. በኤፍ ቲ ፒ ከሆነ ባይነሪን ምረጥ።
6. ከተቋረጠ ሰዓቱንና መጠኑን መዝግብ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ ሞክር።
7. ተቀባዩ ከፍቶ፣ ብዛቱን ቆጥሮ «ተሟልቶ ደርሶኛል» እስኪልህ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ማጠቃለያ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን በችኮላዬ ያፈሰስሁትን የለቀሙት ሌሎች ናቸው። በዚያ ቀን ወደ መጨረሻው አውቶቡስ ያስሮጠኝ የጥቂት ደቂቃ ትርፍ ነበር። ከፋዮቹ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ገበሬዎች ሆኑ። ፋይል ብለን የምንጠራው ነገር በኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ነው፤ በፍስሐ ገነት ሜዳ ላይ ግን ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ስልክ የመጨረሻውን ስም በስልክ አስነብቤ እሰማለሁ። በዚህ ዓመትም ያ የራቀው ቀበሌ በዝርዝሩ መጨረሻ እንደተጻፈ ነው፤ የመጨረሻው ስም የእኒያ አረጋዊ አባት ነው። ከአዲስ አበባ ያለው ባልደረባ ስማቸውን ሲያነብልኝ ሞደሙን አጠፋለሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በጣቢያችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የላካችሁት ዝርዝር ሙሉ ሆኖ መድረሱን በምን አረጋገጣችሁ? መቋረጥ ሲያጋጥም የሚመዘገብበት ደብተር አላችሁን? ፋይሉ ቢጠፋ ዋናው መዝገብ በማን እጅ፣ በየትኛው ቦታ ይገኛል?